ስሙ ያልገነነ ዘፈን እንዴት ይዳኛል?

በማኅበራችን የእሑድ ከሰዓት በኋላ የዘፈን ማዳመጫ ሰዓት በጸሐፊው የተነበበ ንግግር ሙሉ ቃል



ይህ ንግግር በአዳራሻችን የተነበበ ቢሆንም፣ በዕለቱ ለቅሶ ላይ የነበሩና ገበያ የዋሉ አባላት ብዙ ስለነበሩ ሙሉ ቃሉን በሰሌዳችን ላይ አውጥተነዋል። ረዘም ይላልና ቁማችሁ የምታነቡ ታገሡን።

እንደሚታወቀው ከጥቂት ወራት ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ቡና እያፈላን የድሮ ሸክላና ካሴት ስናዳምጥ ቆይተናል። ደንባችን አንድ ነው፤ ይኸውም ማንም የሚያውቀው ዘፈን አይቀርብም። የጥላሁን ገሠሠ ታላላቅ ዘፈኖች የእኛን ፍርድ አይፈልጉም። የማሕሙድ አሕመድም እንደዚሁ ነው፤ ከጉራጌ ቤተሰብ መርካቶ ተወልዶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ከዚያ ክብር ዘበኛ ገብቶ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። ስለዚህ የምናቀርበው ስሙ ሳይገነን የቀረውን፣ ወይም ዘፋኙ ታውቆ ዘፈኑ የተረሳውን ነው። ሁለት ሁለቱን እያጋጠምን እናዳምጣለን፤ ከዚያ እንዳኛለን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እስከ አሁን ያዳመጥነው እንዴት እንደተዳኘና ከዚያም ምን እንደተማርን ነው። ሁለተኛው፣ በየቤታችን በየሣጥኑ ተቀምጦ ስላለው ካሴትና ሸክላ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ቀን የሚሰጥ አይደለም። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ሶል ምንድን ነው?

ይህን የጠየቁ እናቶቻችን ናቸው። ሶል በእንግሊዝኛ ነፍስ ማለት ነው። የአሜሪካ ጥቁሮች በቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘምሩት የኖሩትን ዜማ፣ ልመናውንና ጩኸቱን ሳይተዉ፣ በትራምፔትና በሳክስፎን አጅበው ወደ ዓለማዊ ዘፈን ያመጡት ነው። እነ ኦቲስ ሬዲንግ፣ እነ ጀምስ ብራውን፣ እነ አሬታ ፍራንክሊን የታወቁበት ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1960ዎቹ በሸክላ፣ በአሜሪካ የሰላም ጓዶችና አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነው።

ሲመጣ ግን ባዶ ቤት አልጠበቀውም። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ስለነበራቸው ጥሩንባ የሚነፋና ሳክስፎን የሚጫወት ሰው ሞልቶ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችንም ነበሩ። ሶሉ ከነዚህ ጋር ተጋባ። የተወለደው ልጅ አባቱንም እናቱንም ይመስላል፤ ግን የራሱ መልክ አለው።

ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ጠየቁን። በውጭ አገር ትልቅ ኩባንያ ሳይዛቸው በራሳቸው አቅም የሚያሳትሙትን ኢንዲ ይሏቸዋል፤ እኛስ አሉን ወይ? አሉን። አሉን እንጂ! በዚያን ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት በ1969 ይህን ተዳፍሮ በራሱ ገንዘብ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ከዚያ እስከ 1975 ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆች አወጣ። ፊሊፕስም ተከተለ፤ ቀጥሎ ዓሊ አብደላ ኬይፋ መጣ። የሁሉም አሳታሚዎች ሲደመር እስከ 1978 ድረስ የታተሙት ትናንሽ ሸክላዎች 500 ያህል፣ ትልልቆቹ 30 ያህል ናቸው። በቃ። ያ ሁሉ ዘመን በአንድ ቁም ሣጥን ይገባል ማለት ነው።

ዘፈን ለምን ይረሳል?

ብዙ ሰው ዘፈኑ ያልታወቀው ስላልረባ ነው ብሎ ያስባል። እኛም አዳራሽ ውስጥ፣ «ቢረባማ ኖሮ እስከ ዛሬ እንሰማው ነበር» ያሉ ነበሩ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እስኪ እንቁጠረው።

ተሾመ ምትኩ ሶል ኤኮስ ከሚባለው ባንድ ጋር ጥቂት ዘፈን ብቻ ቀድቶ በ1970 ከአገር ወጣ፤ በዚያው ለረጅም ዘመን ቀረ። አሳታሚው አምሃም በ1975 ወጣ። አያሌው መስፍን በደርግ ዘመን በዘፈኑ ምክንያት ታሰረ። ሙሉቀን መለሰና ሒሩት በቀለ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ዞረው ዓለማዊውን ተዉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰዓት እላፊው አለ። በደርግ ጊዜ ሌሊት መውጣት ለዓመታት የተከለከለ ስለነበር ባንድ የሚጫወትበት የሌሊት ቤት ጠፋ። ሸክላም ቆመና ካሴት ተተካ፤ ሸክላ ላይ የነበረው ብዙው ወደ ካሴት ሳይገለበጥ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ከነዚህ ምክንያቶች ውስጥ ዘፈኑ መጥፎ ነው የሚል አለ? የለም። መውጣት፣ መታሰር፣ መመነን፣ ሰዓት እላፊ፣ የዕቃ መለወጥ ነው። ስለሆነም ስም አለመግነን ፍርድ አይደለም። ፍርዱ ገና አልተሰጠም ማለት ነው።

ያጋጠምናቸው ዘፈኖች

1ኛ/ የጌታቸው ካሣ ሁለቱ ትዝታ። ጌታቸው አንዱን ትዝታ በዝግታም በፍጥነትም ቀድቶታል። አንድ አባታችን ፈጣኑን ሲሰሙ፣ «ትዝታ ደግሞ ይሮጣል እንዴ?» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ወጣቶቹ ደግሞ ዝግተኛው ያስተኛል አሉ። ደግመን ስናዳምጥ አንዲት እናታችን የተናገሩት ነገር ክርክሩን ለወጠው። «ሐዘን ያለበት ሰው ሁልጊዜ ተቀምጦ አይተክዝም፤ እንሰት እየፋቀም፣ ውኃ እየቀዳም ያዝናል፤ እጁ ይፈጥናል፣ ሆዱ ግን እዚያው ነው» አሉ። ፈጣኑ ትዝታ ይኸው ነው። በመጨረሻ በጥቂት ድምፅ ዝግተኛው አሸነፈ። ነገር ግን ሐዘኑን ሳይጥሉ ማፍጠን የበለጠ ከባድ ሥራ እንደሆነ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል።

2ኛ/ ሁለቱ «ሐሳቤ»። ተሾመ ምትኩ «ሐሳቤ» የሚል ዘፈን አለው፤ አያሌው መስፍንም «ሐሳቤ» የሚል አለው። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ዘፈናቸው ለየቅል ነው። የተሾመው ረጋ ያለ ነው፤ ለብቻው እንደሚያስብ ሰው ይሄዳል። የአያሌው ከጥቁር አንበሳ ባንዱ ጋር የተጫወተው ነው፤ ሐሳቡ የሚያሯሩጠው ሰው ይመስላል፤ ጊታሩ እንደ ሰው ያለቅሳል። ወጣቶቹ ለአያሌው አጨበጨቡ። እኛም ለጭፈራ ቢሆን ኖሮ ለእርሱ እንሰጥ ነበር። ለማዳመጥ ግን ተሾመን መረጥን፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ያልሰማነውን አሰምቶናል። «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» የሚለው ሌላው ዘፈኑ ሲቀርብማ፣ ከዘቢዳር ማዶ ዘመድ ያላቸው ሁሉ ጭጭ አሉ። የሚገርመው፣ የተሾመ ልጅ ኤሚሊያ ስዊድን አገር ተወልዳ በ1998 በእንግሊዝኛ የዘፈነችውን ዓለም በሙሉ ሰምቶታል። የአባቷን ግን እዚህ ቡኢ ከወጣቶቻችን አንድም የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለቱንም ካዳመጥን በኋላ ከአባትየው ጋር ቆመናል።

3ኛ/ ብዙነሽ በቀለና ሒሩት በቀለ። የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታቸዋል። ብዙነሽ ከክብር ዘበኛ፣ ሒሩት ከፖሊስ ኦርኬስትራ ናቸው። ብዙነሽን የኢትዮጵያ አሬታ ፍራንክሊን የሚሏት አሉ። እኛ ይህን ስም አልወደድነውም፤ ብዙነሽ የማንም ግልባጭ አይደለችምና። ድምፅዋ ከታች ይነሣል፣ ወፍራም ነው፣ አይለማመጥም። የሒሩት ከላይ ይመጣል፣ ይሳላል፣ ቃሉን አንጥሮ ያወጣል። እናቶች ለሒሩት፣ አባቶች ለብዙነሽ ሰጡ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስከ አሁን አልገባንም። ይህ ጥንድ ሳይፈረድ ለሚቀጥለው ተቀጥሯል።

4ኛ/ ግርማ በየነ። ይህ ሰው የዓለማየሁ እሸቴን ጨምሮ የብዙዎችን ዘፈን ያቀናበረ፣ ፒያኖ የሚጫወት ነው። በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» የሚለውን ከዓለማየሁ ዘፈኖች አጠገብ አስቀመጥነው። ዓለማየሁ ይጮኻል፣ ይለምናል፣ ሸሚዙ በላብ ሲርስ ይታያችኋል። ግርማ ቁጭ ብሎ ያወራል። አንድ ወጣት፣ «ይኼ ዘፋኝ አይደለም» አለ። አንድ አናጢ አባላችን ግን፣ «የሰው ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው አንዲት ጎጆ ለራሱ ቢሠራ፣ የት ቦታ ምስማር እንደማያስፈልግ ያውቃል» ብሎ መለሰለት። እኛም ደግመን ስንሰማው እውነት ነው፤ ትርፍ ነገር የለበትም። ግርማ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ፍርዳችን ለግርማ ነው፤ ወጣቱም በኋላ እጁን አንሥቷል።

የመዳኘት ደንብ

ከነዚህ ክርክሮች በኋላ ሁላችን የተስማማንበትን በአጭሩ እናስቀምጣለን። እኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባን አይደለንም፤ ቢሆንም ጆሮ ለሁሉም ተሰጥቶታል።

አንደኛ/ ሳይደገም አይፈረድም። አንድ ጊዜ የሰማነው ዘፈን በመንገድ ላይ ሰላም ብሎን ያለፈ ሰው ነው፤ ጠባዩን አናውቅም።

ሁለተኛ/ የካሴቱን ጥፋት ለዘፈኑ አትስጡ። ድምፁ የተንሻፈፈው ሪባኑ ስለተለጠጠ ወይም የማጫወቻው ጭንቅላት ስለቆሸሸ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጭንቅላቱ በጥጥና በአልኮል ይጠረግ፤ ከዚያ ይፈረድ።

ሦስተኛ/ «ደስ ይላል»፣ «አይጥምም» ብሎ መቀመጥ የለም። የቱ ቦታ? ድምፁ ነው? ግጥሙ ነው? ከበሮው ነው? ጣት ይጠቆም።

አራተኛ/ ዘፋኙን ብቻ አትስሙ። ኦርጋኑን፣ ቤዙን፣ ሳክስፎኑን ስሙ። ብዙ ስሙ ያልገነነ ዘፈን ተሸክሞት የኖረው ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች ነው።

አምስተኛ/ የሠርጋችሁን ዕለት የተዘፈነ ዘፈን ላይ ዳኛ አትሁኑ። እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ ምስክርነት እንጂ ፍርድ አይሆንም።

በየቤታችን ስላለው

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ። ኃይሉ መርጊያ የሚባል የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበረ፤ አሁንም አለ። እርሱም አሜሪካ ቀርቶ በ1985 አኮርዲዮን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ቀዳ። ካሴቱ ተረሳ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ያዘ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ፈላጊ ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ይህን ካሴት አገኘው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሰውዬውም ወደ መድረክ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ አንድ ካሴት ነው! ባለሱቁ ቦታ ይዞብኛል ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያሳተማቸው ወደ ሠላሳ የደረሱ ሲዲዎች ከእንዲህ ካለው የተረፈ ሸክላና ቴፕ የተሰበሰቡ ናቸው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ዘፈን ግማሹ ጠባቂ አግኝቷል። የእኛውስ? በየመስቀሉ የአዲስ አበባ ልጆቻችን በቴፕ ሪከርደር የቀዱት የክስታኔ ዘፈን፣ የሠርግ ጭፈራ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ዘፋኞች ድምፅ ከዚህ ሰፈር ሣጥን በቀር የትም የለም። ማንም ፈረንጅ መጥቶ አያሳትመውም። ስሙ ያልገነነ ዘፈን ማለት እንግዲህ እርሱ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቤተሰብ ሁለት ካርቶን ካሴት አመጣልን። ከውስጡ አንዱን የሙሉቀን መለሰ ነው ብለን ስናጫውት፣ ሁለተኛው ፊት ላይ ዘፈኑ መሐል ላይ ተቋርጦ የሰው ንግግር መጣ። ከአረብ አገር ለእናቷ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ነበር። ልጅቷ አሁን በሕይወት የለችም። እኛ ወዲያው አቁመን፣ ሳንሰማ ለእናትየው መለስንላቸው። እናትየው ያ ድምፅ መኖሩን አያውቁም ነበር። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ብዙ ዓመቱ ነውና። ያ ካርቶን በዚያው ሰሞን የድሮ ዕቃ ገዢ ሊወስደው ዋጋ ተነግሮበት ነበር።

ስለሆነም እንዲህ እንላለን። የራስን ንብረት መሸጥ የማንም መብት ነው፤ ማኅበሩ አይከለክልም። የድሮ ሸክላ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጣም እናውቃለን። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሳትሰሙት አትሽጡ፣ ሳይገለበጥም አትስጡ። ይልቁንም የሚከተለውን አድርጉ።

ሀ/ ለዓመታት ሳይዞር የቆየ ካሴት ወዲያው አይጫወት። በእርሳስ ወይም በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አላሉት፤ አለዚያ ሪባኑ ተጣብቆ ይበጠሳል።

ለ/ በካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ በስሕተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም።

ሐ/ ካሴት ከስፒከር ላይ፣ ከምድጃ አጠገብና ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አይቀመጥ። ማግኔቱ፣ ጢሱና ሙቀቱ ያጠፉታል።

መ/ ሸክላ ጎኑን ቆሞ ይቀመጥ እንጂ አይደራረብ፤ ይጎብጣል።

ሠ/ በካሴቱ ላይ የማን ድምፅ እንደሆነ፣ የት እንደተቀዳ፣ ማን ሠርግ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ። ካሴቱ ቢቆይም ሽማግሌው አይቆይም።

ለመስቀል ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጡ ሁለት ወጣቶች በበዓሉ ማግስት ለሦስት ቀን አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ክፍያ የለውም። ካሴቱ ሲገለበጥ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጥ፤ የቤተሰብ ምስጢር ከተገኘ ወዲያው ይቆማል። የተገለበጠው ለባለቤቱ በፍላሽ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይቀራል። የታተመ ዘፈን ግን ባለመብት እንዳለው አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ገልብጦ መሸጥ ያስጠይቃል፤ ወጣቶቻችን ይህን ልብ በሉ።

የተከበራችሁ አባላት፤

አንዳንዶቻችሁ፣ «መንገድ ሳይጠገን፣ ውኃ ሳይስተካከል ስለ ዘፈን ታወራላችሁ» ብላችሁናል። መንገዱም ውኃውም በአጀንዳ ተይዟል፤ አልተተወም። መንገዱ በዘንድሮ ባይጠገን ለከርሞ ይጠገናል። የሪባኑ ድምፅ ግን አንዴ ከጠፋ ለከርሞ የሚባል ነገር የለውም። ደግሞም አባትና ልጅ አንድ ዘፈን መሐል አስቀምጠው፣ «የቱ ቦታ? ለምን?» ሲባባሉ መስማት ለሰፈራችን ትልቅ ነገር ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት የብዙነሽና የሒሩት ፍርድ ይቀጥላል። ከዚያ የክስታኔ ዘፈን ያለበት ካሴት ይቀርባል። ካሴት ያለው ካሴቱን፣ የሌለው ጆሮውን ይዞ ይምጣ። ቡናው ተራው የደረሰው የታችኛው ሰፈር ነው።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ቡኢ